የልጅን የታይሮይድ ካንሰር ማሳከም፦ ከጎጃም እስከ አዲስ አበባ ያየነው አገልግሎት

ይህን ግምገማ የምጽፈው ልጇን በታይሮይድ ካንሰር፣ ማለትም በአንገት ፊት ለፊት ባለው ዕጢ ካንሰር፣ ያሳከመች እናት ሆኜ ነው። ልጄ በሽታው ሲታወቅባት 11 ዓመቷ ነበር፤ አሁን 14 ሆኗታል። በምዕራብ ጎጃም ካለችው ከተማችን ተነሥተን ምርመራውን ባሕር ዳር፣ ኦፕራሲዮኑንና ክትትሉን ደግሞ አዲስ አበባ አድርገናል። የተቋማቱንም ሆነ የሐኪሞቹን ስም አልጠቅስም፤ ሐኪም ይዛወራል፣ ተረኛ ይቀየራል፣ እኛን የገጠመን በጎም ሆነ ክፉ ነገ ሌላ ወላጅን ላይገጥመው ይችላል። የምገመግመው አገልግሎቱን ነው፤ አንድ የጎጃም ቤተሰብ ለልጁ እንዲህ ያለ ሕክምና ሲፈልግ ምን ያገኛል፣ ምን ይጎድልበታል፣ የቱ ላይ መጠንቀቅ አለበት የሚለውን። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ኦፕራሲዮኑ ከጠበቅነው በላይ መልካም ነበር፤ ከእሱ በፊት በከንቱ ባለፈው ጊዜና ከእሱ በኋላ ባለው የዕድሜ ልክ ክትትል ላይ ግን አገልግሎቱ ቤተሰቡን ብቻውን ይተወዋል።

በእኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም። የደጋው አፈር በዝናብ እየታጠበ አዮዲኑ ስለተመናመነ አንገቱ ያበጠ ሰው በየመንደሩ አለ፤ እናቴ በአንገቷ ዙሪያ ያለውን ንቅሳት በልጅነቷ የተነቀሰችው ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርቱ እንዳያድግባት ተብሎም ጭምር ነው። ስለዚህ በጥር 2014 ዓ.ም. ለጥምቀት ልጄን ሹሩባ ስሠራት፣ ከማንቁርቷ ዝቅ ብሎ በቀኝ በኩል የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠንካራ ነገር ጣቴን ሲነካኝ ብዙም አልደነገጥሁም። አያማትም ነበር። ምራቋን ስትውጥ አብሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ተመልሶም ይወርዳል። በማግሥቱ ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰድኋት፤ ያየን ባለሙያ በዓይኑ ብቻ ተመልክቶ «እንቅርት ነው፤ አዮዲን ያለው ጨው አብሉአት» ብሎ ሸኘን። በመጋቢትም በግንቦትም ተመልሰን ሄደን ያው መልስ ተሰጠን። በሰኔ ወር ከጆሮዋ ሥር ወረድ ብሎ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች ሲጨመሩ ጎረቤቶቻችን «እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነባት እኮ!» አሉ፤ ተረቱ በልጄ ላይ በእውነት የደረሰ መስሎኝ ነበር። ጆሮ ደግፍ ግን አልነበረም። ካንሰሩ የተዛመተባቸው የአንገት ንፍፊቶች ነበሩ።

ለዚህ ደረጃ የምሰጠው ፍርድ ከባድ ነው፤ ባለሙያውን ለመክሰስ ብዬ ሳይሆን ስሕተቱ በእኛ አካባቢ በቀላሉ ሊደገም የሚችል ስለሆነ ነው። አዮዲን ያለው ጨው መልካም ነገር ነው፣ አገሪቱም በ2003 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አስገድዳለች። ይሁን እንጂ ጨው እንቅርትን ይከላከላል እንጂ የወጣን ካንሰር አያጠፋም። በኋላ ሐኪሞቹ እንዳስረዱኝ በልጅ አንገት ላይ ለብቻው የሚወጣ የታይሮይድ እባጭ በአዋቂዎች ላይ ከሚወጣው ያነሰ ቁጥር ያለው ቢሆንም ካንሰር የመሆን ዕድሉ ግን እጅግ የበለጠ ነው፤ በአዋቂዎች ከመቶው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ካንሰር ሆኖ ሲገኝ፣ በልጆች ግን ከመቶው ከ22 እስከ 26 ይደርሳል። አንገቱ በሙሉ ለስላሳ ሆኖ በእኩል ያበጠ ልጅና በአንድ ወገን ብቻ ጠጠር ያለ እባጭ የወጣበት ልጅ አንድ አይደሉም። እባጩ ጠንካራ ከሆነ፣ እያደገ ከሄደ፣ የጎን ንፍፊት ከተጨመረበት፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ወይም ልጁ ከዚህ በፊት ለሌላ በሽታ በአንገቱ ላይ ጨረር ታክሞ ከነበረ፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ ታይሮይድ ካንሰር የያዘው ሰው ካለ አልትራሳውንድ መታየት አለበት። ይህን የሚያህል ነገር ለማወቅ ስምንት ወር መጠበቅ አልነበረብኝም።

በነሐሴ ሪፈር አጽፈን ባሕር ዳር ሄድን። እዚያ ያያት ሐኪም አገልግሎቱን እንደ አገልግሎት የመሰከርሁበት የመጀመሪያው ሰው ነው። ልጄን አልጋው ላይ አስተኝቶ ማየት ከመጀመሩ በፊት የአልትራሳውንዱን መሣሪያ በራሱ ክንድ ላይ አሳርፎ «አየሽ፣ አያምም፤ ቅባቱ ብቻ ይቀዘቅዛል» አላት። ከዚያ በኋላ ማያ ገጹን ወደ እኔ አዙሮ፣ እባጩ ከሌላው ዕጢ ይልቅ ጠቆር ብሎ እንደሚታይ፣ ጠርዙ የተስተካከለ እንዳልሆነ፣ በውስጡም እንደ ጤፍ ፍሬ የረቀቁ ነጫጭ ነጥቦች እንዳሉ አሳየኝ። ነጥቦቹ የካልሲየም ጥርቃሞ እንደሆኑና እንዲህ ያለ መልክ ሲታይ በመርፌ ናሙና መውሰድ ግድ እንደሚሆን ነገረኝ። ናሙናው የተወሰደው መርፌው የት እንደሚያርፍ በአልትራሳውንድ እየታየ ነው፤ ይህ በልጆች ላይ ሁልጊዜ እንዲህ መደረግ ያለበት ነገር ነው፣ ወላጅም በድፍረት ሊጠይቀው ይገባል። ከእባጩም ከጎን ንፍፊቱም ተወሰደ። ልጄ እጄን ጨብጣ ጥፍሯ መዳፌ ላይ ምልክት እስኪተው ድረስ ጸናች እንጂ አላለቀሰችም።

የፓቶሎጂው ውጤት ግን 24 ቀን ቆየ። በየሦስት ቀኑ እየደወልሁ «ገና ነው» እየተባልሁ ያሳለፍሁትን ጊዜ ማንም ቤተሰብ እንዲያሳልፈው አልመኝም፤ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ ከመጀመሪያው ቁርጥ ያለ ቀን መንገር የሚያስወጣው ወጪ የለም። መልሱ ሲመጣ ፓፒላሪ የሚባለው ዓይነት ሆነ። በልጆች ላይ ከሚታዩት የታይሮይድ ካንሰሮች አብዛኛው ይኸው ነው። ሐኪሙ በሩን ዘግቶ፣ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ፣ በመጀመሪያ የተናገረው ዓረፍተ ነገር ዛሬም ልቤ ላይ አለ፤ «ካንሰር ነው፤ ነገር ግን ልጆች በብዛት ከሚድኑባቸው ካንሰሮች አንዱ ነው» አለ። ወደ ንፍፊት ቢዛመትም፣ አልፎ ሳንባ ቢደርስ እንኳ፣ ይህ ዓይነት ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ረጅም ዕድሜ እንደሚኖሩ አስረዳኝ። ከየት መጣባት ብዬ ጠየቅሁት። በ1986 እ.ኤ.አ. የቼርኖቢል ኒውክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ የተበከለ ወተት የጠጡ ብዙ ሕፃናት በዚህ በሽታ መያዛቸውን፣ በአንዳንድ ቤተሰቦች ደግሞ በዘር የሚተላለፍ ዓይነት መኖሩን፣ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ምክንያት እንደማይገኝ ነገረኝ። የጨው ጉዳይ እንዳልሆነ፣ የእኔም ጥፋት እንዳልሆነ ጨምሮ መናገሩን ከሕክምናው አሳንሼ አላየውም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ማን ይቅደዳት የሚለው ነበር። ለሚከተለው ምክር ትልቅ ክብደት እሰጣለሁ፦ ለሕንፃው ወይም ለዋጋው ሳይሆን ለሐኪሙ እጅ መጨነቅ ያስፈልጋል። የልጆች ታይሮይድ ካንሰርን የሚመለከተው የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር መመሪያ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ኦፕራሲዮኑ በዓመት ቢያንስ 30 ያህል የአንገት ኦፕራሲዮን በሚሠራ ሐኪም እንዲከናወን ይመክራል፤ ምክንያቱም ዕጢው የሚያርፈው ድምፅን በሚያንቀሳቅሱ ነርቮችና የካልሲየምን መጠን በሚቆጣጠሩ አራት ጥቃቅን ዕጢዎች መካከል ነው። አዲስ አበባ ስንደርስ «ዶክተር፣ በዓመት ስንት ይሠራሉ? ከእነሱስ ውስጥ ስንቱ ልጅ ነው?» ብዬ ስጠይቅ ፊታቸው አልተለወጠም። ቁጥሩን ነገሩኝ፣ ስንቱ ላይ ድምፅ እንደተጎዳም ሳይደብቁ ነገሩኝ። ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት የሚቆጥር ሐኪም ካጋጠመ ሌላ መፈለግ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጉዞውን በአጭሩ ልለፈው። ከደብረ ማርቆስ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደጀንን አልፎ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ለታመመ ልጅ ቀላል አይደለም፣ የሚያስመልሳት ልጅ ያለችው ሰው ላስቲክ ይዞ መሄድ ይኖርበታል። የጤና መድን ደብተር ያለው ሰው የሪፈር ወረቀቱ በየደረጃው የታተመ መሆኑን ከከተማው ሳይወጣ ያረጋግጥ፤ አንዲት ማኅተም በመጉደሏ ካርድ ክፍል በር ላይ ቆሞ ወደ ጎጃም ሊመለስ የተነሣ አባት አይቻለሁ። የእኛን ገንዘብ የጨረሰው ኦፕራሲዮኑ ሳይሆን ቀጠሮ እየጠበቅን የተኛንበት የአልጋ ኪራይ ነው።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የታይሮይድ ዕጢዋ በሙሉ፣ ከመካከለኛውና ከቀኝ አንገቷም የተያዙት ንፍፊቶች ተነሡ። ግማሹን ብቻ ማውጣት አይበቃም ወይ ብዬ ነበር፤ በልጆች ፓፒላሪ ካንሰር ብዙ ጊዜ በሁለቱም ወገን እንደሚገኝ፣ ግማሹ ከቀረም በኋላ በደም ምርመራ መከታተል እንደሚያስቸግር አስረዱኝ። ልጄ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር መሪ ናት፤ ይህን ሲሰሙ ሐኪሙ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የድምፅ አውታሮቿን በቀጭን ካሜራ አስመረመሩ፣ እሷንም «እንዳስቀምጥልሽ ዘምሪልኝ» ብለው በስልካቸው ቀዱላት። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለአምስት ሳምንት ያህል ድምፅዋ ሻካራ ሆኖ ቆየ። ወደ ቀድሞው ሲመለስ የተቀዳውን አሰምተው አወዳደሩላት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በገንዘብ አይለካም።

ስለ ሁለተኛዋ ሌሊት ሰፋ አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ሌላ አስታማሚ ቢያነበው ይጠቅመዋልና። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ ልጄ ቀሰቀሰችኝና «እማዬ፣ ከንፈሬ ደነዘዘኝ፤ ጣቶቼ ላይ ጉንዳን ይሄዳል» አለችኝ። ብርዱ መስሎኝ እጇን ማሸት ጀመርሁ። ጥቂት ቆይቶ አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ እየታጠፈ አልዘረጋ ሲል ጮኼ ተረኛዋን ሲስተር ጠራሁ፤ ሲስተሯ ሮጣ መጥታ ደም ወስዳ፣ ሐኪም አስጠርታ፣ በደም ሥሯ ካልሲየም ቀስ ብሎ እንዲንጠባጠብላት አደረገች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጣቶቿ ተፍታቱ። እነዚያ የምስር ቅንጣት የሚያህሉት አራት ዕጢዎች በኦፕራሲዮኑ ሲነካኩ ለጊዜው ሥራ ያቆማሉ፣ የደም ካልሲየምም ይወርዳል። ይህ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት የሚጠበቅ ነገር ነው፤ በአብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል፣ በጥቂቶች ግን ቋሚ ይሆናል። ሲስተሯ ያደረገችው ሁሉ ትክክል ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ከንፈር መደንዘዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ልጄ ባትቀሰቅሰኝ ኖሮ እስኪነጋ ልተኛ እችል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጉዳይ መጣ። ዘመድ ወዳጅ ሁሉ «ጨረር ካልተሰጣት አልታከመችም» ይል ነበር። ለታይሮይድ ካንሰር የሚሰጠው ጨረር ከውጭ የሚተኮስ ሳይሆን የሚዋጥ ነው፤ አዮዲን 131 ይባላል። የታይሮይድ ሕዋስ አዮዲንን ከደም እየለቀመ የሚጠቀም በመሆኑ የቀረው የካንሰር ሕዋስ መድኃኒቱን ራሱ ስቦ በውስጡ ይቃጠላል፤ የጨረሩ ኃይልም በየ8 ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ድንቅ መድኃኒት ነው፣ ሳንባቸው ላይ የተዛመተባቸውን ልጆች ሳይቀር ያድናል። ነገር ግን የምራቅ ዕጢን ሊጎዳ ይችላል፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ሌላ ካንሰር የማምጣት ዕድልን በመጠኑ ይጨምራል፤ ረጅም ዕድሜ ከፊቱ ላለ ልጅ ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም። ስለዚህ ለሁሉም ልጅ አይሰጥም። ልጄን በመካከለኛ ሥጋት መደብ ውስጥ አስገብተው፣ በጥር ወር ዕጢው ከወጣ በኋላ በየቀኑ የምትውጠውን የታይሮይድ ክኒን ከ14 ቀን በላይ አስቁመው፣ ታይሮግሎቡሊን የሚባለውን በደም ውስጥ የሚታይ የታይሮይድ ሕዋስ ምልክት ለኩላት። እነዚያ ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ፤ ልጄ በቀትር ፀሐይ ጋቢ ለብሳ ትቀመጣለች፣ ስትናገር ቃላት ይጎተቱባታል፣ ደብተሯን ከፍታ ታንቀላፋለች። ውጤቱ ከ2 በታች ሆነ። ስለዚህ አዮዲኑ ይቅር፣ እንከታተላት ተባለ። አለመስጠትም በልኬት ላይ የቆመ የሕክምና ውሳኔ እንደሆነ ተቀምጠው ያስረዱን ሐኪም ከፍ ያለ ምስጋና ይገባቸዋል።

አሁን ስለ ክኒኑ። ታይሮይድ የሌለው ልጅ ሌቮታይሮክሲንን በየቀኑ፣ ዕድሜውን ሙሉ ይውጣል። የእኛ ቤት ሥርዓት ይህ ነው፦ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ልጄ በውኃ ብቻ ክኒኗን ትውጣለች፤ ቁርስ ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት አይቀርብም። ወተትም ቡናም ከክኒኑ ጋር አይቀላቀልም፤ ካልሲየምና የደም ማነስ ክኒን ደግሞ እሱ ከተዋጠ አራት ሰዓት ካላለፈ አይወሰድም፣ ሁለቱም መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። ይህን የአራት ሰዓት ልዩነት ከሆስፒታሉ ስንወጣ የነገረን ሰው አልነበረም። ይህንንና የካልሲየሙን ክኒን በአንድ ጉርሻ ሳስውጣት ለሁለት ወር ቆየሁ፤ የደም ምርመራው ለምን እንደማይስተካከል ሐኪሙም ግራ ገባቸው፣ የክኒኑንም መጠን ከፍ አደረጉ። ነገሩን ያገኘችው በከተማችን ያለች አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ ናት፤ «እታለም፣ ይህን ከዚህ ጋር ነው የምትሰጫት?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ታትሞ ከመውጫ ወረቀቱ ጋር ቢሰጥ ኖሮ ሁለት ወር ባልጠፋ ነበር። በዚህ ላይ ቅሬታዬ ጥልቅ ነው።

የክኒኑ ልክም እንደ አዋቂ ቆሞ የሚቀር አይደለም። ልጅ ያድጋል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ልኩም አብሮት ይለወጣል፤ ልኩ በተቀየረ ቁጥር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ቲኤስኤች የሚባለውን፣ የታይሮይድን ሕዋስ የሚቀሰቅስ የደም ሆርሞን፣ መለካት ያስፈልጋል። ለልጄ የተቀመጠው ግብ ከ0.1 እስከ 0.5 ነው፤ ከተለመደው ዝቅ የተደረገው የካንሰሩ ሕዋስ እንዳይቀሰቀስ ነው። በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ልቧ ይመታል፣ እንቅልፍ ታጣለች፣ ክፍል ውስጥ ልቦናዋ ይበተናል። መምህርቷ «ልጅሽ ዘንድሮ መቀመጥ አቃታት» ስትለኝ ያስመረመርሁት ደም 0.02 ሆኖ ተገኝቷል።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. መንገድ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲቋረጥ የቀረን ክኒን ለ19 ቀን ብቻ ነበር። ሐኪሙን ማግኘት አልተቻለም። ያረጋጋኝ አስቀድመው የነገሩኝ አንድ ነገር ነው፤ የዚህ መድኃኒት መጠን ከሰውነት በግማሽ የሚቀንሰው በ7 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ አንድና ሁለት ቀን ቢዘለል ወዲያው አደጋ አይመጣም። በከተማችን ያሉትን ፋርማሲዎች ሁሉ ዞሬ ከአንዱ ባለ 50 ማይክሮግራም አንድ ፓኮ አገኘሁ፤ የእሷ ልክ 100 ስለነበር ሁለት ሁለት እያደረግሁ አሻገርኋት። ከዚያ ወዲህ የሦስት ወር ክኒን ከፀሐይና ከእሳት ራቅ አድርጌ በቆርቆሮ ሣጥን ሳላስቀምጥ አላድርም። ለጎጃም ቤተሰብ የሚታዘዝ መድኃኒት የአንድ ወር ሊሆን አይገባም፤ ይህን በእያንዳንዱ ቀጠሮ እናገራለሁ፣ አሁን የስድስት ወር ይጽፉልናል።

በጠቅላላው የኦፕራሲዮኑን ቡድን ያለ ማመንታት ለሌላ ወላጅ እመክራለሁ። የባሕር ዳሩን ሐኪምም እንዲሁ። ክትትሉን ግን አሁን ባለበት ሁኔታ ልመክረው አልችልም፤ ታይሮግሎቡሊኑን ለማስለካት ብቻ በየስድስት ወሩ አዲስ አበባ መውረድ አለብን፣ ውጤቱ ከቀደመው ጋር እንዲነጻጸር በአንድ ላብራቶሪ መሠራት ስላለበት ያገኘነው ቦታ ሁሉ አይሆንም። ደሙ ባሕር ዳር ተቀድቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ወደዚያው ላብራቶሪ ቢላክ የልጄ የትምህርት ቀናትና የእኛ የአልጋ ኪራይ በተረፉ ነበር። ይህን በጽሑፍ ጠይቄ መልስ እጠብቃለሁ።

ባለፈው ወር የታየው አልትራሳውንድ ንጹሕ ነበር፤ ታይሮግሎቡሊኑም ሊለካ ከሚችለው በታች ሆኗል። ጠባሳዋ ከአንገቷ መታጠፊያ ጋር ገጥሞ፣ ማተቧ ሲያርፍበት አይታይም። ቀጣዩ ቀጠሯችን በኅዳር ነው።